«ሳላሪዮ» እና የሮማ ወታደር ጨው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ደመወዝ የወጣው ጽሑፍ ሲጀምር፣ ፈረንሳዮች «ሳሌር»፣ ጣሊያኖችና ስፔኖች ደግሞ «ሳላሪዮ» የሚሉት ቃል የተገኘው የጥንት ሮማ ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ስለነበረ ነው ይላል። ጸሐፊው ስለ ኑሮ ውድነት ባነሡት ዋና ጉዳይ ላይ ክርክር የለኝም። ይህች መግቢያ ግን ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ስትገለበጥ ኖራ እውነት የመሰለች ታሪክ ስለሆነች፣ እርማት ቢወጣባት መልካም ነው እላለሁ።

ቃሉ ከጨው ጋር መዛመዱ አያከራክርም። ጨው በላቲን «ሳል» ነው፤ የ«ሳላሪዮ» ምንጭ የሆነው የላቲኑ «ሳላሪዩም»ም ከእርሱ የተገኘ ነው። ዝምድናውን በጽሑፍ ያስቀመጠው፣ እ.ኤ.አ. በ79 በቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ጊዜ የሞተው ሮማዊው ጸሐፊ ትልቁ ፕሊኒ ሲሆን፣ እርሱም የሚለው ጨው በሹመትና በውትድርና ሥርዓት ውስጥ ቦታ እንደነበረውና «ሳላሪዩም» የሚባለው ስም ከዚያ መምጣቱን ብቻ ነው። ለወታደሩ ጨው ይሰፈርለት ነበር አላለም። በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን «ሳላሪዩም» የሚባለው፣ ለአገረ ገዢዎች የሚሰጠውን ወይም ኔሮ ለደኸዩ ሴናተሮች የቆረጠላቸውን ዓመታዊ ገንዘብ የመሰለ ክፍያ ነበር። የተራው ወታደር ክፍያ ስሙ ሌላ ነው፤ «ስቲፔንዲዩም» ይባላል። መጠኑም በአውግስጦስ ዘመን በዓመት 225 ዲናር ነበር፤ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ዶሚሺያን ወደ 300 ከፍ አደረገው፤ የምግቡና የልብሱ ዋጋም ከዚያው ላይ ይቆረጥበት ነበር። ይህ ዲናር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይኑ አትክልት ሠራተኞች የቀን ሒሳባቸው አድርገው የተቀበሉት ያው የብር ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ጨው በስሙ ውስጥ ምን ይሠራል? ላቲን ለልዩ ልዩ አበል ስም ሲያወጣ ገንዘቡ ሊገዛው የታሰበውን ነገር ይጠራና «አሪዩም» የሚል ቅጥያ ይጨምርበታል። «ክላቫሪዩም» የጫማ ሚስማር መግዣ፣ «ካልኬያሪዩም» ደግሞ የጫማ መግዣ ነው። ከወደብ ከተሞቹ ከኦስቲያና ከፑቴዮሊ እስከ ሮማ በእግራቸው የሚመላለሱ የባሕር ኃይል ሰዎች ንጉሠ ነገሥቱን ቬስፓሲያንን ይህን የጫማ አበል ቢጠይቁት፣ ከእንግዲህ በባዶ እግራችሁ ሩጡ ብሎ እንዳዘዘባቸው ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ ጽፏል። ጭካኔው ይቆየንና፣ የጠየቁት ጫማ ሳይሆን ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል። «ሳላሪዩም»ንም በዚሁ መንገድ «የጨው መግዣ» ብሎ መረዳት ይበልጥ ያስኬዳል። እኛስ «የሻይ» ብለን የምንሰጠው ሻይ ነውን? ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ይህችን ቃል አግኝቶ የአዲስ አበባ ሰው ላገለገለው ሁሉ በሻይ ቅጠል ይከፍል ነበር ብሎ ቢጽፍ፣ ስሕተቱ ከዛሬው የጨው ታሪክ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል።

የቃሉ መልክ ራሱም ይመሰክራል። ከላቲን የተወለዱት ቋንቋዎች ቃላትን ያገኙት በሁለት መንገድ ነው፤ አንዳንዱ ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ሲወርድ እንደ ወንዝ ድንጋይ እየተሸረሸረ የመጣ ሲሆን፣ ሌላው ጸሐፍትና ዳኞች ከላቲን መጽሐፍ በቀጥታ ያነሡት ነው። የጥር አካባቢውን ወር ስም እንይ። ላቲኑ «ያኑዋሪዩስ» በአፍ ወርዶ በፈረንሳይኛ «ዣንቪዬ»፣ በጣሊያንኛ «ጄናዮ»፣ በስፔንኛ «ኤኔሮ» ሆነ። ቅጥያው በየአገሩ ምን ያህል እንደተለወጠ ይታያል። «ሳላሪዩም»ም በወታደር አፍ ወርዶ ቢሆን ኖሮ በስፔንኛ ዛሬ «ሳሌሮ» ይባል ነበር። «ሳሌሮ» የሚል ቃል በስፔንኛ አለ፤ ትርጉሙ ግን የጨው ዕቃ ነው። ለደመወዝ የሚያገለግለው «ሳላሪዮ» ቅጥያው ሳይነካ መቅረቱ፣ ከሰፈር ወሬ ይልቅ ከብራና የተቀዳ ቃል መሆኑን ያሳያል።

በአፍ የወረደውን የደመወዝ ቃል የሚፈልግ ሰው «ሶሊዱስ»ን መመልከት አለበት። ቃሉ «ጽኑ፣ ሙሉ» ማለት ሲሆን፣ በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቆስጠንጢኖስ ከአንድ የሮማ ፓውንድ ወርቅ 72 አድርጎ ያስመታው የወርቅ ገንዘብ ስም ሆነ። ከእርሱ ጣሊያንኛ «ሶልዶ»ን፣ ስፔንኛ «ሱዌልዶ»ን አገኘ፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ አላምጦ አላምጦ «ሱ» የምትል አንዲት ቀለም አስቀረ። ከመጽሐፍ የተወሰደው መንታው «ሶሊድ» ግን ሳይጎድል አለ። ስፔናዊ ሠራተኛ የወር ደመወዙን እስከ ዛሬ «ሱዌልዶ» ይለዋል። ጣሊያንኛው «ሶልዳቶ»፣ ማለትም ወታደር፣ በሶልዶ የተቀጠረ ማለት ነው። ወታደርና ክፍያ በአንድ ቃል የተገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ያገናኛቸውም ጨው አይደለም።

የጨው ደመወዝ ታሪክ ለእኛ አንባቢ ቶሎ የሚታመነው፣ የእኛ አያቶች አሞሌ ጨው ይዘው ገበያ ይወጡና ይገበያዩበት ስለነበረ ይመስለኛል። አሞሌ ግን የሚመሰክረው ስለ አፋር የጨው ሜዳና ስለ እኛ ገበያ ነው፤ ስለ ሮማ ጦር ሰፈር ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።

ጸሐፊው ለመግቢያቸው የጨው ዘር ያለበት ቃል የግድ ቢያስፈልጋቸው ወጥ ቤት ይግቡ። ሰላጣችን የሚዛመደው «ኢንሳላታ» በጣሊያንኛ ጨው የተደረገበት ማለት ነው። ሳልሳና ሶስም ሁለቱ፣ አንደኛው በጣሊያን ሌላው በፈረንሳይ አፍ፣ «ሳልሳ» ከሚለው ከአንዱ የላቲን ቃል የወጡ ናቸው፤ ትርጉሙም «ጨዋማ» ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ