እናቴ እስኪነጋ የጨፈረችበት ፎቶ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በቅርቡ የእናቴን አሮጌ ሻንጣ ሳራግፍ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አገኘሁ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ጥር 1972፣ እስኪነጋ» ተብሎ ተጽፏል።

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እስክስታ ትወርዳለች። ፊቷ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ትከሻዋን ግን ካሜራው አልደረሰበትም፤ እንደ ጭስ በኖ ቀርቷል። ከኋላዋ አንድ ትንሽ ልጅ ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል።

«እስኪነጋ ማለት ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሰዓት እላፊ ነበራ!»

በደርግ ጊዜ ሰርግ ቤት ያመሸ ሰው መውጫ አልነበረውም። በሩ ይዘጋና እስኪነጋ ይጨፈራል። ይህን የእሷ ዘመን ሰዎች ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያልሰማሁት ቀጥላ የነገረችኝን ነው። ታላቅ ወንድሟ በ1970 በቀይ ሽብር ተገደለ። ድንኳን የለ፣ ጥቁር መልበስ የለ። አያቴ ትራስ ነክሳ ነው ልጇን ያለቀሰችው። «እዬዬም ሲደላ ነው ይባል የለ?» አለችኝ። በእህቷ ሰርግ ሌሊት ከበሮው ሲደምቅ የሁለት ዓመት እንባዋ መጣ። እየጨፈረች አለቀሰች። ሰዉ ገብቶታል፤ እልልታውን አቀለጠላት፣ ድምጿ ውጭ እንዳይሰማ።

መስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን የወጣቶች ፎቶዎች አይቻለሁ። ጉርድ ፎቶዎች ናቸው፤ ቀጥ ብለው ያዩሃል። ከዚያ ስወጣ ሁልጊዜ አንጀቴ ይላወሳል። አሁን ግን ሌላ ነገር ይመጣብኛል፦ እነዚህም ልጆች የሆነ ቀን፣ የሆነ ቤት ጨፍረዋል። አጎቴም ጨፍሯል።

ባለፈው ጥር ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ኮሚናሉ ውስጥ አመሸን። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ወንበር ላይ ሆና ትከሻዋን ነቀነቀች። ያው ትከሻ ነው! ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ክንዷን ይዤ ወደ ብሎካችን ስንሄድ መሀል መንገድ ላይ ቆመች። «ማንም ቁሙ አላለንም እኮ» አለች። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ፎቶውን ካየሁ በኋላ ግን ያችን የአምስት ደቂቃ መንገድ በረገጥኩ ቁጥር ተመስገን እላለሁ። ዛሬም በአገራችን ሲመሽ በር ዘግተው የሚሰጉ ወገኖች እንዳሉ አልዘነጋም። እናቴ ያን ዘመን አልፋ እዚህ ደርሳለችና ለእነሱም ተስፋ አለኝ።

አንድ ልመና አለኝ። እንዲህ ያለ የጭፈራ ፎቶ በየቤቱ ሻንጣ ውስጥ አለ። ባለቤቶቹ ደግሞ እያረጁብን ነው። በሳምንት አንድ ጥግ ሰጥታችሁ ፎቶዎቹን ከነታሪካቸው ብታወጡልንስ? የመጀመሪያው እንዲሆን የእናቴን ፎቶ ግልባጭ አያይዣለሁ። እሷም ፈቅዳለች። ስሟ እንዳይጠቀስ ግን አደራ ብላለች። «ብቻዬን የጨፈርኩ ይመስልብኛል» ነው ያለችው።

አንባቢያችሁ፣
ከየካ አባዶ፣ አዲስ አበባ