የትኛው ዓይንህ ነው?

ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ለእናትህ ሐዘን መምጣት ሲገባኝ በስልክ ብቻ አጽናንቼህ ቀረሁ። ይሄ ሲከነክነኝ ከረመ፤ በቆየሁ ቁጥር ደግሞ መጻፉ ባሰብኝ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ደጋን ነው። የአያትህ የጥጥ ደጋን ትዝ ይልሃል? ተደብቀን አሞራ ገደል ወስደነው፣ በሸምበቆ ፍላጻ ስንጫወት ጅማቱ የተበጠሰብን? ይኸው በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ጀመርኩት። የእንጨት ነው፣ ማነጣጠሪያ ምናምን የለውም።

የአክስቴ ልጅ ነው ከውጭ ያመጣልኝ። 45 ፓውንድ ነበር፣ ማለትም ጅማቱን እስከ አፍህ ጥግ ስትስበው 20 ኪሎ ገደማ ጣቶችህ ላይ ያርፋል። በሁለተኛው ሳምንት ትከሻዬን አመመኝና እጄን ማንሳት አቃተኝ። ደግነቱ ክንፎቹ፣ ማለትም ከመያዣው በላይና በታች ያሉት የሚታጠፉት ክፍሎች፣ የሚፈቱ ዓይነት ስለሆኑ በ25 ፓውንድ ቀየርኳቸው። አንተ ስትጀምር ከዚያ በላይ እንዳትነካ፣ በእኔ ሞት! ደጋን በክንድ ሳይሆን በጀርባ ነው የሚሳበው፣ ጀርባ ደግሞ ይህን የሚለምደው ሳይታገል ሲቀር ነው።

እሑድ ጠዋት ጠዋት ከከተማ ወጣ ብዬ አጎቴ ግቢ እሄዳለሁ። ማዳበሪያ ውስጥ አሮጌ ጨርቅ ጠቅጥቀን አፈር ክምሩ ፊት አቁመናል። 8 ሜትር ላይ እቆማለሁ። ሦስት ጣት ጅማቱ ላይ፣ አመልካች ጣት ሁልጊዜ አፌ ጥግ ላይ። አንዴ ጉንጭ አንዴ አገጭ ላይ ካረፈ ፍላጻውም ይበታተናል። ሁለት ዓይኔን ከፍቼ አንዲት ነጥብ ብቻ አያለሁ፤ ማንጎ በድንጋይ ስናወርድ መች ለክተን እናውቃለን? እንደዚያ ነው።

የሚገርምህ ፍላጻው ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም። እንደ ዓሣ እየተጣጠፈ ደጋኑን ዞሮ ያልፍና ከዚያ ነው የሚቃናው። ለዚህ ነው ጥንካሬው ከደጋኑ ጋር መመጣጠን ያለበት። ጅራቱም የእውነት ላባ ነው፤ ላባ ደጋኑን ሲነካ እጥፍ ብሎ ያልፋል፣ ፕላስቲክ ግን ፍላጻውን ገፍቶ ከመስመሩ ያስወጣዋል።

አንድ አደራ፦ ፍላጻ ሳትሰካ ስበህ እንዳትለቅ። ኃይሉ መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ ክንፎቹን ሊሰነጥቃቸው ይችላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ላንተም አንድ እንዲይዝ ነግሬዋለሁ። ግራኝ መሆንህን አልረሳሁም፣ ግን ስታነጣጥር የሚመራህ ዓይን ከእጅህ ጋር ላይስማማ ይችላል፤ የግራና የቀኝ ደጋን ደግሞ ይለያያል። ስለዚህ እጆችህን ዘርጋና በመዳፎችህ መሀል ትንሽ ቀዳዳ ሥራ። በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር እይ፣ ሁለቱንም ዓይን ከፍተህ። ከዚያ ግራህን ጨፍን። ያየኸው ነገር እዚያው ካለ ቀኝ ዓይንህ ነው የሚመራህ፣ ከጠፋ ግራህ።

የትኛው እንደሆነ በዚህ ሳምንት ጻፍልኝ። ፋሲካንም ሐዋሳ ና፣ አልጋህ ተነጥፏል።