መናፈሻው አምሯል፤ ወንዙስ?

ለአዘጋጁ፣

በአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻ ልማት ላይ የምታወጧቸውን ዘገባዎች እከታተላለሁ። የእግረኛ መንገዱን ርዝመት፣ የመብራቱን ድምቀት፣ የተተከለውን አበባ ሳይቀር ትነግሩናላችሁ። ወንዙ ውስጥ ምን እንደሚፈስስ የጠየቀ ዘገባ ግን ማንበቤን አላስታውስም።

ልማቱን ለማጣጣል አልተነሣሁም። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የማልማት ዕቅድ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ደስ ካላቸው ነዋሪዎች አንዱ ነኝ። ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ ገደል ልጆች የሚሯሯጡበት ሜዳ ሲሆን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የወንዙ ሕመም የሚጀምረው ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ከየግቢያችን ነው።

ከተማችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ተነሥታ ወደ አቃቂ ሜዳ ትወርዳለች። ወንዞቿ ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ባንተይቅጡም ይህንኑ ቁልቁለት ይዘው ነው የሚጓዙት። ቀድሞ በመንገዳቸው ላይ የክረምቱን ዝናብ የሚይዝ መስክ፣ ጓሮና ረግረግ ነበር። አሁን ያለው ጣሪያ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ ነው። አንድ አባወራ ግቢው እንዳይጨቀይ ሊሾ ቢያስደርግ ማን ይነቅፈዋል? ሰፈሩ በሙሉ ሲያስደርግ ግን ዝናቡ የሚሰርግበት አፈር ያጣና ባንድ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ይወርዳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከተማችን የሰው ሕይወት የቀጠፈውን ጎርፍ «ዝናቡ ከብዶ ነው» ብለን አልፈነዋል። ሰማዩን ብቻ መክሰስ ይቀናናል። አቃቂ አካባቢ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ የሚጠጣ ከተማ፣ ዝናቡ ወደ መሬት የሚገባበትን በር በገዛ እጁ ሲደፍን ዝም ማለትም አይገባንም ነበር።

በበጋ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ምንጮቹ ሲመነምኑ በወንዙ የሚወርደው በአብዛኛው ፍሳሽ ይሆናል። የሽንት ቤቱን ቱቦ ከጎርፍ መውረጃው ጋር በስውር ያገናኘ ግቢ ስንት እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል፤ አይናገርም እንጂ። ክረምቱን ጠብቆ የሞላ ጉድጓዱን በጎርፍ አሳብቦ የሚለቅም አለ። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ላይ የፋብሪካ ዝቃጭ ይጨመርበታል። ከዚያ በዚሁ ውሃ የበቀለው ጎመንና ሰላጣ ገበያ ወጥቶ በየማዕዳችን ይቀርባል። የተረፈው ውሃ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያም አዋሽ ወንዝ። ለመብራት ማመንጫ የተሠራው ይህ ግድብ በደለል ተሞልቶ ለአሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ እንደነበር ያስታወሰ የምረቃ ንግግር አልሰማሁም።

አዲሶቹ አረንጓዴ ስፍራዎችም ቢሆኑ ይመርመሩ። ግማሹ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ሣሩም በቦቴ ውሃ የሚኖር መናፈሻ ለዓይን ያምራል፤ ጎርፍ ግን አይቀንስም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ከእያንዳንዱ ይዞታ ጥቂት አፈር ክፍት እንዲተው ቢያስገድድና በተግባር ቢቆጣጠር፣ ወጪው ከአንድ ፏፏቴ አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ምረቃ ላይ ዘጋቢያችሁ ሪባኑ ከሚቆረጥበት ድልድይ ትንሽ ወደ ላይ ይሂድና ወደ ወንዙ የተከፈቱትን ቱቦዎች ፎቶግራፍ ያንሣ። የማን እንደሆኑና መቼ እንደሚዘጉ ኃላፊዎቹን ጠይቁና መልሳቸውን አትሙልን።

አንባቢያችሁ፣ ከቀበና