ልጅሽን ኬጂ ልታስገቢው ነው አሉ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለመሆኑ አለሽ? እንዲህ ተጠፋፍተን እንቀራለን ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰሞኑን እናትሽን ገበያ አገኘኋቸውና ወሬሽን ሁሉ ዘከዘኩልኝ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ነኝ፤ አሁንም ኬጂ ነው የማስተምረው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ አልመጣሽም አይደል?

ልጁ መስከረም ላይ ኬጂ ሳይገባ ፊደል እንዲጨርስ አስጠኚ ልትቀጥሪለት ነው አሉኝ። ኧረ ተይ! አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው፤ ምን ያስቸኩልሻል?

231ዱን ሆሄያት በዜማ መልቀቅ ለልጅ ቀላል ነው። ከሀ ተነስቶ እስከ ፐ ይወርድልሻል። ከመሃል አንዷን ነጥለሽ «ይቺ ማን ናት?» ስትይው ግን ከሀ ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኛትም። የኔታዎች ይሄን ድሮ ነቅተውበታል። ሀሁን አስቆጥረው ሲያበቁ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ነው፤ ተራው ሲበተን ልጁ ቅርጹን በዓይኑ መለየት ግድ ይሆንበታል።

ቁጥርም እንደዚሁ ነው። በቀደም ለአንዷ ሚጢ ቆርኪ በሁለት ረድፍ ደረደርኩላት፤ ስድስት ስድስት። «እኩል ነው» አለች። አንዱን ረድፍ ዘርዘር አደረግኩት። «አሁን ይሄኛው በለጠ!» ቁጠሪ አልኳት። ሁለቱንም ቆጠረች፤ ስድስት፣ ስድስት። «ታዲያ?» ስላት «ይሄ ግን ይበልጣል፤ ረጅም ነዋ!» ብላ ተቆጣችኝ። ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ የጻፈው ይሄንኑ ነው። ልጅቷ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ዕድሜዋ ነው። ቆርኪውን ራሷ ስትበትን ስትሰበስብ አንድ ቀን ይገባታል።

እቃቃ ሲጫወቱ ብታያቸው ደግሞ! አንዱ ወንበር ገልብጦ ታንኳ ይሠራል፤ ጣና ላይ ቆይቶ ቆሮሶ ዓሣ ይዞ ይመጣል። ሌላዋ «ተወደደ፣ ቀንስ» ትለዋለች። ተራ መጠበቅ፣ መኮራረፍና መታረቅ፣ ሐሳብን በቃል ማስረዳት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። ወላጅ ግን ደብተሩ ካልሞላ ተማረ አይልም። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የቤት ሥራ ካልሰጠሽ ብሎ የሚያኮርፈኝ አለ፤ በዚህ ስንጨቃጨቅ ነው የምንውለው።

አንቺ እሸት ባቄላ አስፈልፍይው፣ ጭቃ አስቦኪው፤ ጣቱ ሳይጠና እርሳስ ቢይዝ ምን ይረባዋል? «ነ»ን ገልብጦ ቢጽፍ፣ «ነገ ጉማሬ አየሁ» ቢልሽ አትደንግጪ። ሲጠሩት የማይሰማ ከመሰለሽ፣ ወይም ንግግሩ ለሌላ ሰው የማይገባ ከሆነ ግን ጊዜ አትስጪው፤ ጆሮውን አስመርምሪው።

ለገና ይዘሽው ነይ። የምታርፉት እኔ ጋ ነው፤ እናትሽ ቢቀየሙም ይቀየሙ።

ያንቺው ናፋቂ