ህክምናው ነፃ፣ መንገዱ በጥጃ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ወጣት ሐኪሞች ጋውናቸውን አውልቀው ቢሮ እየገቡ ነው የሚለውን ጽሑፍ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ አነበብኩት፣ አንዱ እኔ ስለሆንኩ ዝም ማለት አቃተኝ። ጓደኞቼ ሰርጀሪና ማህፀን ሲገቡ እኔ ፐብሊክ ሄልዝ፣ የሕብረተሰብ ጤና፣ ስል እናቴ ራሷ «እና በሽተኛ አታይም በቃ?» ብላ አኩርፋለች።

ሀሳቤን ያስቀየረኝ ጥጃ ነው ብል ትስቁ ይሆናል። ኢንተርን እያለሁ ከመቅደላ በኩል አንዲት ልጅ ቤቷ ወልዳ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም እየፈሰሳት መጣች፣ እስከ መኪና መንገዱ በቃሬዛ፣ ከዛ አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቶ ስለነበር በኮንትራት መኪና። ደም ሰጠናት፣ ተረፈች። ለአባቷ ወሊድ ነፃ ነው፣ ምንም አትከፍሉም ብዬ በኩራት ስነግራቸው እሱንማ ሰምተናል፣ ለመኪናው ግን ጥጃ ሸጠናል አሉኝ። ፊቴን አይተው መሰለኝ ደግሞ እኔን ማፅናናት ያዙ፣ «አብሽር ልጄ፣ ጥጃ ይወለዳል»።

ሦስቱ መዘግየቶች የሚባል ነገር አለ፣ ቤት ውስጥ እንሂድ አንሂድ ሲባል የሚያልፈው ሰዓት፣ መንገድ ላይ የሚያልቀው፣ ከደረሱ በኋላ ሐኪም ወይ ደም ሲጠበቅ የሚሄደው። እኔ ሆስፒታል ቁጭ ብዬ የምደርስበት የመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። የፊተኞቹን የምታውቀው የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ነች፣ ማን ወሯ እንደገባ፣ የማን ቤት ከወንዝ ማዶ እንደሆነ፣ ማን ቃሬዛ የሚሸከምላት ጎረቤት እንደሌላት። 5,000 ለሚጠጋ ሰው ሁለት ሴቶች!

2014 ላይ በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ሲዘረፍ የከተማው ሰውም መንገዱ ምን እንደሆነ ቀምሶታል፣ ገጠሩ ግን ድሮም እንደዛው ነው።

መላ የተባለው የእናቶች ማቆያ ነው፣ ቀኗ የደረሰ ሴት ጤና ጣቢያ ግቢ መጥታ የምትጠብቅበት ቤት። ጥሩ ነው፣ ግን እህልና ማገዶ ከሌለው፣ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚይዝ ከሌለ ማን ይመጣል? (ቡና የማይፈላበት ቤት የወሎ ሴት ሁለት ሳምንት ትቀመጣለች ብሎ ያሰበ ሰው ካለ እሱ ይንገረኝ።) የጤና መድህን ካርዱም መታከሚያውን እንጂ ኮንትራቱን አይከፍልም።

ስለዚህ አዘጋጁ፣ ሪፖርተር ስትልኩ ሆስፒታል በር ላይ አታስቁሙት፣ ጠዋት መናኸሪያ ይቁምና ሪፈር ወረቀት ይዞ የሚወርደውን ሁሉ እዚህ ለመድረስ ስንት አወጣህ ብሎ ይጠይቅ። አብሬው እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ግን አይሁን፣ ክፍል አለኝ።

አንድ ሐኪም፣ ከደሴ