ደብዳቤ ለልጄ፦ ፒንሳውን ከማንሳትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ስጽፍ አይታ «ስልኩ ምን ሆነ?» ብላ ሳቀችብኝ። በስልክማ ሞክሬ ነበር፤ «ገባኝ አባዬ» እያልሽ አስቆምሽኝ። እንግዲህ በወረቀት መጣሁብሽ።

ለፋሲካ ስትመጪ የአያትሽን ሆንዳ ሞተር ብስክሌት ሽቦ በሙሉ ቆርጠሽ ልትጥዪ ማሰብሽን ሰማሁ። መቀየሩን አልቃወምም። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ከተማው የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ከገደበ ወዲህ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጓሯችን ውስጥ ቆማ ቀርታለች፤ አይጥም ድርሻዋን በልታለች። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በወረቀት ሳትስዪ እንዳትቆርጪ።

አንቺ ሳትወለጂ ሞተሯን ቀለም አስቀባኋት። አማረች። ከዚያ ወዲህ ግን ማታ ከፒያሳ ወደ ቤት ስወርድ የፊት መብራቷ የጧፍ ያህል ሆነ፤ ፍሬቻ ሳበራማ ጭራሽ ይርገበገባል። ባትሪ ገዛሁ፤ አልተሻላትም። ሱማሌ ተራ ወርጄ ሬክቲፋየር (ሞተሯ የምታመነጨውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው የሚያስተካክለውን ዕቃ) ገዛሁ፤ እሱም ምንም አልፈየደም። በዚህ መሃል ስነካካ ቫልቮላዋን (ኤሌክትሪክ ሲበዛ ቀልጣ መስመሩን የምትቆርጠውን ፊውዝ) አቃጠልኩ። አዲስ በመግዛት ፈንታ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ መለስኳት። ከኮርቻው ሥር ጭስ እስኪወጣ ድረስ በብልሃቴ እኮራ ነበር። (ለእናትሽ አትንገሪ፤ ጠቁሮ የምታይውን ሽቦም አይጥ ላይ ነው ያላከክሁት።)

ጥፋቱ ለካ ማሳው ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪ የሚመለስበት መገናኛ ላይ ነበር። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ አምፖሉን ካበራ በኋላ በሞተሯ ብረት በኩል ወደ ኔጋቲቩ መመለስ አለበት። ቀለም ቀቢው የማሳው ብሎን የሚያርፍበትን ብረት ሳይቀር አሳምሮ ቀብቶታል፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መብራቱን አብርቼ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ማሳ ላይ ሳደርግ 1.5 ቮልት አሳየኝ። ወደ ዜሮ መጠጋት ነበረበት። የእኛዋ ባለ 6 ቮልት ናት፤ 1.5 ከ6 ሩብ ነው፤ አምፖል ከቮልቱ ሩቡን ሲያጣ ብርሃኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ያን ሁሉ ገንዘብ ያስወጣኝን ጣጣ የፈታው አንድ ብጣሽ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

በስልክ ቀጭን ሽቦ አትግዢ ያልኩሽም ለዚህ ነው። 24 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 2 አምፔር ይስባል፤ በ6 ቮልት ግን 4፤ አምፔር ሲበዛ ደግሞ ቀጭን ሽቦ ቮልት ያባክናል። ለዋናዎቹ መስመሮች ቢያንስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር አድርጊ።

በሆንዳ አረንጓዴው ማሳ ነው፤ ቀዩ ከባትሪ ወደ ቁልፍ ይመጣል፤ ጥቁሩ ከቁልፉ ያልፋል፤ ቡናማው ወደ ኋላ መብራት ይሄዳል። ነገር ግን በቀለም ብቻ አትመኚ። አያትሽ ያገኘውን ሽቦ ሁሉ የሚቀጥል ሰው ነበር፤ ፍሬቻው ውስጥ የሬዲዮ ገመድ አግኝቻለሁ። በቴስተር አረጋግጪ።

ስትጨርሺም ቫልቮላዋን ቶሎ አታስገቢ። በቦታዋ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ አገናኚ። የሞተሯ ቁልፍ ሳይከፈት አምፖሉ ቦግ ካለ አንድ ቦታ ሽቦ ከብረት ተነካክቷል፤ ምንም ሳይቃጠል ፈልገሽ ታገኚዋለሽ። በሲጋራ ወረቀቱ ዘመን ይህን ባውቅ ኖሮ!

አዲሱን ቴስተር መሳቢያው ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። ማሳው ብሎን ዘንድ ስትደርሺ ጥሪኝ፤ የእጅ ባትሪ እይዝልሻለሁ፤ ሌላ ነገር አልነካም።

አባትሽ