ሳይመጥቅ በፊት፦ የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ጅማ ላይ ቡና ያሰጣ ሰው ሰማዩን ቀና ብሎ ሳያይ አይውልም። የክበባችን ልጆችም ዓመቱን የጀመሩት በደመና ነው። ዜና ላይ የሚታየው የደመና ምስል እንዴት እንደሚነሳ ጠየቁኝ።

ለአፍሪካ ምስል ከሚያነሱት አንዱ የአውሮፓው የአየር ሁኔታ ሳተላይት፣ ሜቲዮሳት ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል። የሁለተኛው ትውልድ ካሜራ በ12 ቻናሎች፣ ማለትም በ12 የተለያዩ የሞገድ ክልሎች ያያል፤ በየ15 ደቂቃው። አንዱ ቻናል 6.2 ማይክሮሜትር ላይ የላይኛውን አየር እርጥበት ይከታተላል። ቁጥሩ ትንሽ ከተዛነፈ የሚያየው ሌላ የአየር ንጣፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቻናል የትኛውን ሞገድ ምን ያህል እንደሚቀበል ሳይመጥቅ በፊት ይለካል። ኢንፍራሬዱ፣ ማለትም በዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር የሚቀበለው ክፍል፣ የሚለካው አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ፣ በጣም ቀዝቅዞ ነው። ሞገዱን የሚመርጠው ማጣሪያ ሲቀዘቅዝ የሚያሳልፈው ሞገድ ይንሸራተታላ! ከመጠቀ በኋላ ማን ሄዶ ይለካዋል?

እኛም በእጃችን ልንሞክረው ፈለግን። በጫማ ካርቶን ላይ ሁለት ምላጭ ገጥመን ቀጭን ስንጥቅ አበጀን፤ ከውስጥ የአሮጌ ዲቪዲ ቁራጭ ለጠፍን፤ ስልክ ደገንን። ኃይል ቆጣቢ አምፖል ስናበራ ደማቅ መስመሮች ተነጥለው ወጡ። የሰማያዊው የሞገድ ርዝመት 436፣ የአረንጓዴው 546 ናኖሜትር እንደሆነ ይታወቃል። በሁለቱ ተነስተን የራሳችንን ማስመሪያ ሠራን።

ከዚያ ጨው እሳት ላይ በተንን። የሶዲየም ቢጫ 589 ማለት ነበረበት። የእኛ 603 አለ። ልጆቹ ቅር አላቸው። ጨው ቀየሩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ስልኩ እኮ ቻርጅ ሊደረግ ተነስቶ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ሲመለስ ፈቀቅ ብሎ ኖሯል፤ በዓይን የማይታወቅ ያህል። ስልኩን በፕላስተር አጣበቅነው፤ አምፖሉን እንደገና አብርተን ለካን። 590! ጭብጨባው ግቢው ድረስ ተሰማ። በዓመቱ ከሠራነው ሁሉ እኔ የምኮራው በዚህ ነው።

የትልልቆቹም መሣሪያ ይንሸራተታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የመጠቀው የአሜሪካ ሳተላይት፣ ሱሚ ኤንፒፒ፣ የአንዱ መሣሪያው መስታወቶች ላይ የተንግስተን ኦክሳይድ ቅሪት ነበረ። ህዋ ላይ የፀሐይ ጨረር ሲያገኘው ጠቆረ፤ የአንዳንድ ቻናሎቹም አቀባበል ተለወጠ። መሬት ላይ የተለካው ተመዝግቦ ስለነበር ግን አዲሱን ማስላት ተቻለ። ይህን ስነግራቸው ያቺ ልጅ ማስታወሻዋን አወጣች።

ሁለተኛው ሴሚስተር ባብዛኛው ለወላጆች ቀን ዝግጅት ሄደ። መብራት የጠፋባቸው ሐሙሶችም ነበሩ። ካርቶኑ አሁን ላብራቶሪው መደርደሪያ ላይ ነው። ልጅቷ ጎኑ ላይ ወረቀት ለጥፋለች፦ «ስልኩን ያነሳ፣ አምፖሉን እንደገና ያብራ።»